ኮምፒውተር ቋንቋ አይመርጥም

ነጋዴ ሲዋሽ አያፍርም ይባላል። ሐሰት ነው። ያፍራል፤ ግን ገበያው እስኪበተን ድረስ ሐፍረቱን መጋዘን ያስገባዋል። እኔም አስገብቼ ዓመታት የቆለፍኩበት አንድ ሐፍረት አለኝ፤ ዛሬ ላወጣው ነው። ሽታው ቢረብሻችሁ ታገሱኝ።

ያኔ ጭሮ ላይ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። የሬዲዮ ባትሪ፣ የሞባይል ቀፎና ቻርጀር እሸጥ ነበር። በኋላ ድሬዳዋ ሄጄ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አመጣሁና ከባትሪው ጎን ደርድሬ ኢንተርኔት ቤት አልኩት። ኢንተርኔት ገና የሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ያልገባበት ጊዜ ስለነበር ሰው እኔ ዘንድ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ኮምፒውተሮቹን የሸጠልኝ የድሬዳዋ ልጅ ግን አንድ ከሰዓት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ብሮውዘር የሚሉትን ነገር ሆዱን ከፍቶ አሳየኝ። አብዛኛው ሰው ብሮውዘር ላይ አድራሻ ይጽፋል፣ ያነባል፣ ይዘጋል፤ ትልቅ ግቢ ተከራይቶ በረንዳው ላይ እንደሚያድር ሰው። ጓዳውን ያየ የለም። ኮንትሮልና ኤስ ስትጫኑ ገጹ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ይቀራል፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ታነቡታላችሁ። በስህተት የዘጋችሁትን ገጽ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ መልሶ ይከፍትላችኋል። ዓይኑ ለደከመ ሽማግሌ ኮንትሮልና የመደመር ምልክት ፊደሉን የሱቅ ታፔላ ያሳክለዋል። የሁሉም አለቃ ግን ኮንትሮልና ኤፍ ነው። ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች፤ ስም ትጽፉባታላችሁ፤ ስሙ ገጹ ላይ ካለ ቀለም ተቀብቶ ከተኛበት ይነሳል። ከሌለ ሳጥኗ ቀይ ትሆናለች።

ይህችን አንዲት ነገር ይዤ ከተማውን ገዛሁት። የፈተና ውጤት ሲወጣ ሌላው ቤት ጣቱን ስክሪን ላይ እየጎተተ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ፣ እኔ ስምህን ተናግረህ ሳትጨርስ አገኝልህ ነበር። «ኮንትሮል» የሚል ስም ወጣልኝ። «ኮንትሮል ጋ ሂድ፣ እሱ ፈጣን ነው» ይባል ነበር። ፈጣን መሆኔ እውነት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው፤ ከተማችን አሰበ ተፈሪ ስትባልም፣ ጭሮ ስትባልም እዚሁ ነበርኩ። ቤታችን አማርኛ ነው። ኦሮምኛን ከገበያ ነው ያገኘሁት፤ እከራከርበታለሁ፣ እምልበታለሁ፣ ሲያስፈልግም እሳደብበታለሁ። ማንበብ ግን አልችልም ነበር። እኔ የተማርኩት በአማርኛ ነው። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ገበያ ገብቼ ነበር። ታፔላው ሁሉ ቁቤ ሲሆን ሰው እየጠየቅኩ አለፍኩት። ነጋዴ የማያተርፍበትን ነገር አይማርም።

ሰኞ ጠዋት ነው። አንድ የመምህራን ኮሌጅ ለሥልጠና የመረጣቸውን ልጆች ስም ድረ ገጹ ላይ አውጥቷል። ገጹ ሙሉ በሙሉ በቁቤ ነው። ምዝገባው ሐሙስ እንደሚያበቃ እንኳ የነገሩኝ ያነበቡ ልጆች ናቸው። እንደ ልማዴ ገጹን አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ሳጥኗን ከፍቼ ሰው ማስተናገድ ጀመርኩ። ሐዊ፣ ላሚ፣ ሃና፤ እየተነሱ አቤት አሉ። አንዳንዱ አልተነሳም። ላልተነሳው «አይዞህ፣ ለከርሞ» እያልኩ ሸኘሁ።

ኦቦ ቃሲም የገቡት በዚህ መሐል ነው። ከቦርደዴ የመጡ፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ጢማቸው መሸበት የጀመረ ሰው ናቸው። በትራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። ከኋላቸው ረጅም ሻርፕ የተከናነበች ልጃቸው ጠይባ አለች።

«አሰላሙ አለይኩም። ኮንትሮል የሚሉህ አንተ ነህ?» በእሳቸው አማርኛ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል የለም፤ ዳኛም፣ ነጋዴም፣ ግመልም አንተ ነው።

«ወአለይኩም ሰላም፤ እኔ ነኝ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፣ መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል። የዚህችን ስም ፈልግ። ካለ ትማራለች። ከሌለ ነገ ጅቡቲ ትሄዳለች፤ አክስቷ እዚያ ሰው ቤት ሥራ አግኝታላታለች። ቆርጠን ነው የመጣነው።»

ሱቋ በሰው ታጭቃለች። ተመልካች ሲበዛ ደግሞ ጣቴ ይፈጥናል።

«ስም?»

«ጠይባ ቃሲም» አለች ልጅቷ።

በእንግሊዝኛ እንደለመድኩት ቲ፣ ኢ፣ ዋይ፣ ቢ፣ ኤ ብዬ ጻፍኩ። ሳጥኗ ቀላች። ኢውን አጥፍቼ ኤ አደረግኩበት። ቀላች። የአባቷን ስም በኬ ጀምሬ ጻፍኩ። ቀላች።

«የለም» አልኩ።

«በቁቤ ቢፈልጉትስ?» አለች። እሷ የትምህርት ቤት አማርኛ ስላላት «እርስዎ» ትላለች። «ገጹ በቁቤ ነው። የኔ ስም በቁቤ ሲጻፍ መጀመሪያው...»

«ኮምፒውተር ቋንቋ አይመርጥም፣ የኔ እህት» አልኳት።

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። ሳቃቸው ጣፈጠኝና ጨመርኩበት። «ስምሽ ካለ በየትኛውም ቋንቋ አቤት ይላል።»

«እንግዲያው አንዴ ራሴ ወደ ታች እያወረድኩ ልየው?»

«ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ ያንቺን ንባብ ያዳምጥ?»

አሁንም ሳቁ። ኦቦ ቃሲም ልጃቸውን ክንዷን ያዝ አደረጉና በኦሮምኛ «ተይ፤ ማሽኑ ተናግሯል» አሏት። ለእኔ «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና በትራቸውን አንስተው ወጡ። እኔ ነገሩ ማለቁን ለማሳየት ገጹን ፊቷ ላይ ዘጋሁት። ልጅቷ አላለቀሰችም። እስክትወጣ ድረስ ዓይኗ ባዶው ስክሪን ላይ ነበር።

ማክሰኞ ኔትወርክ ጠፋ። ደንበኛ የለም። ጎረቤቴ አስቴር መጣች። አስቴር ከጎኔ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ጴንጤ ናት፤ ኳየር ውስጥ በሁለቱም ቋንቋ ትዘምራለች፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል።

«ኮንትሮል፣ ዛሬ ምኑን ትቆጣጠራለህ? ኔትወርክ እንደሆነ ሞቷል» አለችኝ።

«ገጹን ትናንት አስቀምጬዋለሁ። ኔትወርክ የሚጠብቅ ሰነፍ ነው» አልኩና ላሳያት ከፈትኩት። ሥራ ፈት አይደለሁ፣ ላስቃት ብዬ ስሞቹን እንደመሰለኝ ማንበብ ያዝኩ። «ይቺን ስሚ፤ ክሳዪባ ኳሲም። የወባ መድኃኒት አይመስልም?»

አስቴር ከትከት ብላ ሳቀች። «የቱ ነው እሱ? አሳየኝ እስቲ።» ጎንበስ ብላ አየችው። «አንተ ጉደኛ፣ ጠይባ ቃሲም ነው እኮ የሚለው። ኤክስ በቁቤ ጠ ነች። ኪው ደግሞ ቀ።»

እኔ የማውቀው ኤክስ አስተማሪ በቀይ እስክሪብቶ የተሳሳተ መልስ ላይ የሚያደርገውን ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ በደንብ ተዋውቀናል። ፊደል መሆኑን የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

«ሌላ ጠይባ ቃሲም ትሆናለች» አልኩ።

«ከጎኑ ወረዳዋ አለ። ጉምቢ ቦርደዴ ይላል። ምነው? ታውቃታለህ?»

ነገርኳት። ስነግራት እንኳ የተሰለፈው ሰው የሳቀባትን ክፍል ዘለልኩት። ከአስቴር ግን የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው፤ ትናንት ሳቁን ሰምታዋለች።

ገጹን ዘጋሁት። ከዚያ ያልኩትን ልክ እንዳልኩት ልጻፈው። «መቼም ማንም አላወቀ» አልኩ።

«እኔ አወቅኩ» አለች አስቴር። «ጌታም አይቷል ልልህ ነበር፤ አንተ ግን ከጌታ ይልቅ የኔን አፍ ነው የምትፈራው። ስለዚህ እኔ አወቅኩ።»

ስልካቸው የለኝም። ሱቋን ቆለፍኩና መናኸሪያ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ አጠገቤ ነጠላ ያጣፉ እናት ተቀምጠዋል፤ አሰቦት ገዳም ለመሳለም የሚሄዱ ናቸው። «አንተም ወደ ገዳሙ ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፤ የሰው ዕቃ ልመልስ ነው።»

«ተበድረህ?»

«ሳላውቅ ወስጄ።»

አዩኝ፣ አዩኝና «ሳያውቁ የወሰዱት እኮ ሲመልሱት ነው የሚከብደው» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሚኤሶ ስንደርስ ቆላው በጋለ ምጣድ ፊት እንደመቆም ነው። ወደ ቦርደዴ የሚያልፍ መኪና እስኪመጣ ለስላሳ ገዝቼ ጥላ ፈለግኩ። ባንድ ግድግዳ ጥግ ሴቶች ፌስታልና ጓዛቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ጥላውን ስለያዙብኝ ተናድጄ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ይህን ያዙልኝ።

ቦርደዴ ላይ ኦቦ ቃሲምን ማግኘት አልከበደም። የመጀመሪያው ሻይ ቤት ስማቸውን ስጠራ ወደ ግራሩ ጠቆሙኝ። ከጓደኞቻቸው ጋር ጫት ይዘው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፈገግ አሉ።

«ኦቦ ኮንትሮል። ምን እግር ጣለህ?»

«ጠይባ የት ናት?»

«ጠይባ? ሄደች። ጠዋት ሚኤሶ ዘመዳችን ቤት ሄደች። ይዛት የምትሻገር ሴት አለች፤ ዛሬ ወደ ድሬዳዋ መኪና ሲገኝ ይሳፈራሉ።»

ጥላውን የያዙብኝ ሴቶች ትዝ አሉኝ።

«ስሟ አለ» አልኩ። «ተመርጣለች። ሐሙስ ምዝገባው ይዘጋል።»

የሚያኝኩት ሁሉ ማኘክ አቆሙ። ኦቦ ቃሲም ጫቱን ለጎናቸው ሰው አቀበሉና በትራቸውን ይዘው ተነሱ።

ያገኘነው አይሱዙ ነው። ጋቢና ውስጥ እሳቸው በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሐል፣ ሾፌሩ በወዲያ። አሰቦትን ስናልፍ ነው የተናገሩት።

«ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው?»

ድምጻቸው ውስጥ ክስ አልነበረም። ሰው ሳይዋረድ የሚወጣበትን በር ከፍተው ቆመውልኛል። እኔም ሙሉ መንገዱን የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር፤ «ልጅዎ ነግራኝ ነበር፣ እኔ አልሰማ ብዬ ነው» ልል። አፌን ስከፍት ሌላ ወጣ።

«ኔትወርክ ነው» አልኩ።

«ኔትወርክ ስንቱን ቤት አፈረሰው» አለ ሾፌሩ፤ ኦቦ ቃሲምም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያገሬ ሰው መቼም ኔትወርክ ከተባለ አይከራከርም። ገጹን እኔ ቀድሜ እንዳስቀመጥኩት፣ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ለውጥ እንደሌለው ማን ያውቃል። የድሬዳዋው ልጅ ያስተማረኝ ብልሃት ሁሉ ለዚህች ውሸት መጋረጃ ሆነ።

ሚኤሶ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የዘመዳቸው ቤት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። የቤቱ እመቤት ከደጅ ሆና «አሁን ወጡ፤ መኪና ተገኘላቸው» አለች። ኦቦ ቃሲም ሽርጣቸውን ሰብስበው ሮጡ። እኔም ከኋላ፤ ሆዴን ይዤ።

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አንድ አይሱዙ ሞተሩ ተነስቶ ያጓራል። ጭነቱ ላይ ሸራ ተወጥሯል፤ ከሸራው በላይ ሴቶቹ ተደርድረዋል፤ ያው ግድግዳ ጥግ ያየኋቸው ናቸው። መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። ኦቦ ቃሲም ደርሰው በበትራቸው የመኪናውን ጎን ደበደቡት። ሾፌሩ እየተሳደበ ቆመ።

«ጠይባ! ውረጂ» አሉ በኦሮምኛ። «ስምሽ ወጥቷል።»

ወረደች። ጓዟን ሰው ወረወረላት። አባቷ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ አስረዷት፤ ሁሉም ይገባኛል። «ኔትወርክ ነው ያጠፋው። ኦቦ ኮንትሮል ይህን ሁሉ መንገድ በፀሐይ የመጣው ሊነግረን ነው።»

ልጅቷ አየችኝ። ሻርፗ በአቧራ ነጥቷል። «ኔትወርክ ነው?» አለችኝ በአማርኛ።

«አዎ» አልኩ፤ መሬት መሬቱን እያየሁ።

ወደ አባቷ ዞረችና «ኤዬ፣ አዎ አባ፤ ኔትወርክ እንዲህ ያደርጋል» አለቻቸው።

አባቷ ሾፌሩንና ይዛት ልትሻገር የነበረችውን ሴት ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ሁለታችን ቀረን።

«በምን ፊደል አገኙኝ?» አለች።

«በኤክስ።»

«በኤክስ» ብላ ደገመችው። «እሱን ነበር ልነግርዎ የጀመርኩት።»

«አውቃለሁ። ለአባትሽ ለምን አልነገርሽብኝም?»

«ብነግረው ትናንት ከእኔ ይልቅ ማሽኑን ማመኑ ያመዋል። ዕድሜውን በሙሉ ያመዋል።» ጓዟን አነሳች። «እርስዎ ግን የእርስዎን ይችሉታል ብዬ ነው።»

ለእኔ አዝና ያዳነችኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሒሳቡ ውስጥ አልነበርኩም።

ረቡዕ ማለዳ ከሚኤሶ ተነስተው ወደ ኮሌጁ ሄዱ፤ ሐሙስ ሳይዘጋ ተመዘገበች። እኔ ጭሮ ተመልሼ ሰኞ «የለም» ብዬ የሸኘኋቸውን ሁሉ በየቤታቸው ፈለግኩ፤ አስቴር ስማቸውን እያነበበችልኝ። የከተማ ልጆች ስለነበሩ ሌላ ቤት ሄደው፣ በጣት ተነቦላቸው፣ የወጣላቸው አግኝተውታል። አንዱ «አንተ ጋ ፈጣን ነው፤ ትክክለኛው ሲያስፈልግ ግን ሌላ ቤት እንሄዳለን» አለኝ። ከተማው ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ሳልሰማ የቀረሁ እኔ ብቻ።

እስካሁን ያልኳችሁ ግን ዋናው ሐፍረት አይደለም። ዋናው ከዚያ በኋላ በጀሪካን መጣ። ኦቦ ቃሲም ጭሮ በወጡ ቁጥር የግመል ወተት ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ለሰው ልጅ ብሎ በዚያ ፀሐይ ቦርደዴ ድረስ የመጣ» እያሉ ለተቀመጠው ሁሉ ያወራሉ። ከቦርደዴ፣ ከአሰቦት፣ ከሚኤሶ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ኦቦ ኮንትሮል የቱ ጋ ነው?» ብሎ እኔ ዘንድ ይገባ ጀመር። ብዙ ነገር ነግጄ አውቃለሁ፤ ነውሬን ነግጄ ያተረፍኩት ግን ያኔ ብቻ ነው። ወተቱን ፊታቸው ጠጥቼ አመሰግናለሁ። አንድ ሦስቴ እውነቱን ልነግራቸው ተነስቼ ነበር። ግን ጠይባ ያለችው ትዝ ይለኛል፤ ብነግራቸው የሚያመው እሳቸውን ነው። ይህ እውነት ነው ወይስ ለፈሪ የተመቸ ሰበብ? እናንተው ፍረዱ፤ እኔ ሁለቱን መለየት አቅቶኛል።

አንባቢዬ፣ ብሮውዘርህን ጓዳ ድረስ እወቀው፤ ይህን አልከለክልህም፣ እኔም ዛሬ ድረስ እንጀራዬ ነው። ስም ስትፈልግ ግን ሙሉውን አትጻፍ። ከመሐሉ ጥቂት ፊደል ብቻ ጻፍ፤ የመጀመሪያው ፊደልና የመጨረሻው ነው ከሰው ሰው የሚለያየው። ያን ዕለት ከአባቷ ስም መሐል «ኤ፣ ኤስ፣ አይ» ብቻ ብጽፍ ኖሮ ጠይባ ትነሳ ነበር። ሳጥኗ ስትቀላ «የለም» ማለቷ አይደለም። «አንተ እንደጻፍከው የለም» ነው የምትለው። መሐል ላይ ያለችውን ቃል የዘለልኳት እኔ ነኝ። ባለቤቱ አጠገብህ ቆሞ ስሜ እንዲህ ነው ካለህ ደግሞ ወንበሩን ልቀቅለት።

ጠይባ ሥልጠናዋን ጨርሳ ሚኤሶ አካባቢ አንደኛ ክፍል ማስተማር ጀመረች። አንድ ቀን በጭሮ ስታልፍ ገባችና የተጠቀለለ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ለሱቅዎ ነው» አለችና ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ወጣች። ስዘረጋው ልጆች የሚማሩበት የቁቤ ገበታ ነው። ኤክስ ዙሪያዋን በቀይ እስክሪብቶ ተከብባለች። ከኮምፒውተሮቹ በላይ ለጠፍኩት፤ ደንበኛ ሲቀንስ ከእሱ እያየሁ ፊደል ቆጠርኩ። የሚገባ ሁሉ «ኮንትሮል፣ ይሄን ኤክስ ማን አደረገብህ?» ይለኛል።

«አስተማሪዬ» እላለሁ።

ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ኦቦ ቃሲም እንዳያነቡት ነው ብትሉኝ አልከራከራችሁም። አስቴር ግን በቁቤም ጻፈው፣ ጠይባ ራሷ ታንብብላቸው ወይም ትቅደደው፣ እሷ ትወስን አለችኝ። ጀምሬዋለሁ። እጄ ገና ስለሆነ ፊደሌ የሕፃን ይመስላል፤ እስካሁን የጨረስኩት ርዕሱን ብቻ ነው። ርዕሱ የልጅቷ ስም ነው፤ በኤክስ ይጀምራል።